ደሴና ኮምቦልቻ፦ ከውድመት ምን ይመለሳል፣ ምንስ ይቀራል?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ስለ ጦርነቱ ወሬ ከተነሣ ማረፊያው ብዙ ጊዜ ቁጥር ነው። ይህን ያህል ሚሊዮን፣ ይህን ያህል ቢሊዮን ብር ወደመ ይባላል። የኮሪደር ልማቱ ዶዘር ወደ ከተሞቹ ከገባ ወዲህ ደግሞ ያው ክርክር መልኩን ቀይሮ መጥቷል። አንዱ «ጦርነቱ የተወውን እኛው ጨረስነው» ይላል። ሌላው «የፈረሰው አሮጌ ቆርቆሮ ነው፣ ምኑ ያስቆጫል?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ መፍረስ ነው። ሚዛናቸው ግን ለየቅል ነው።

ይህ ጽሑፍ ሁለት ጥያቄዎችን ይዞ ይሄዳል። ሰው ለምን ያወድማል? ከወደመውስ የትኛው ተመልሶ ይቆማል፣ የትኛው እንደወጣ ይቀራል? የብሩ ስሌት ለሁለተኛው ጥያቄ ብዙም አይረዳም። እንዲያውም ያሳስታል። ብዙ ብር የሚያወጣው ዕቃ ብዙውን ጊዜ ለመተካት የሚቀለው ነውና። ለመተካት የማይቻለው ደግሞ ቅጂ የሌለው ነገር ነው፤ በዋጋ ዝርዝር ላይ ብዙም ቦታ አያገኝም።

(ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። የፈረንጁ ሲሆን «እ.ኤ.አ.» ተብሏል።)

በ2014 የሆነው

የሕወሓት ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን የያዙት በጥቅምት 2014 ነበር። ኅዳር 27 ቀን መንግሥት ሁለቱን ከተሞች መልሶ መያዙን አስታወቀ። በመካከሉ ባሉት ሳምንታት የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ። በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ የቀድሞ መኖሪያ ቤት ያለው የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ጉዳት ደረሰበት። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም አልተረፉም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በመጋቢት 2014 ባወጣው ሪፖርት በአማራና በአፋር ክልሎች የሲቪል ንብረት መዘረፉንና ሆን ተብሎ መውደሙን አስፍሯል።

ከዚያ በፊት ትግራይ ውስጥ የሆነውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ከታኅሣሥ 2013 አንሥቶ ለሦስት ወር ያህል እየዞረ 106 የጤና ተቋማትን አይቶ ነበር። ወደ 70 በመቶ የሚጠጉት ተዘርፈዋል። እንደ ወትሮው ይሠሩ የነበሩት 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ማንሣት የደሴውን በደል አያቀልም። አንድ ማብራሪያ ግን ውድቅ ያደርጋል፦ «የእነሱ ተፈጥሮ ነው» የሚለውን። በሁለቱም በኩል ተመሳሳይ ነገር ከተፈጸመ ምክንያቱን በዘር ሐረግ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ወታደርና ጎተራ

የመጀመሪያው ምክንያት ቀዝቃዛ ስሌት ነው። በድሮው ዘመን የኢትዮጵያ ወታደር መደበኛ ደመወዝም ስንቅም አልነበረውም። ባለፈበት አገር ከገበሬው ጎተራ ይበላል። ወሎ ደግሞ መተላለፊያ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚሄድ ጦር ሁሉ ረግጦታል። ጦሩ ጠላት ይሁን ወዳጅ ለገበሬው ልዩነቱ ትንሽ ነበር። ጎተራው በሁለቱም ይራቆታል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ «ስኮርችድ ኧርዝ» የሚባል የጦር ስልት አለ። «የተቃጠለ ምድር» እንደማለት ነው። ለራስ የማይሆነው ለጠላትም እንዳይሆን እህሉን፣ ድልድዩን፣ ፋብሪካውን አጥፍቶ መሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1812 ሩሲያውያን ከናፖሊዮን ጦር ፊት ሲያፈገፍጉ ያደረጉት ይህንኑ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ መድኃኒት መጫን፣ ጄኔሬተር መንቀል፣ ተሽከርካሪ መውሰድ ዓላማ ያለው ሥራ ነው። ወንጀል መሆኑ አይቀርም፤ ግን ከዕብደት የመጣ አይደለም።

ይህ ስሌት የሚያስረዳው ግን እስከተወሰነ ድረስ ነው። ማይክሮስኮፕ ወስዶ መጠቀም ይቻላል። መሬት ላይ ወርውሮ መስበር ለማንም ጦር አይጠቅምም። ፋብሪካ ውስጥ ያለ የመፍተያ ማሽን ተነቅሎ የሚጫን ዕቃ አይደለም። የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ከተሰበረ ወይም ከተወሰደ ግን ቶን የሚመዝነው ብረት ሁሉ ቆሞ ይቀራል። ሰሌዳው በአንድ እጅ የሚያዝ ነው። ለወሰደው ሰው ምናልባት ምንም አይሠራለትም። እዚህ ጋ ሌላ ነገር ገብቷል ማለት ነው።

ሰርዶ አይብቀል

«እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። የዓይኑ ተረትም አለ። ንጉሡ ምቀኛውን «የፈለግኸውን ጠይቀኝ፣ ለጎረቤትህ ግን እጥፉን እሰጠዋለሁ» ቢለው «እንግዲያውስ አንድ ዓይኔን አውጣልኝ» አለ ይባላል። አባቶቻችን ይህን ባሕርይ ከማንም ቀድመው ያዩት ይመስለኛል።

ሳይንሱም ዘግይቶ ደርሶበታል። ዳንኤል ዚዞና አንድሩ ኦስዋልድ የተባሉ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ ሙከራ አሳትመዋል። ተሳታፊዎቹ ገንዘብ ይሰጣቸዋል። ከፈለጉ የሌላውን ገንዘብ «ማቃጠል» ይችላሉ፤ ግን ከራሳቸው ላይ ይቀነሳል። የኢኮኖሚክስ መማሪያ መጻሕፍት እንደሚሉት ከሆነ ማንም ማድረግ አልነበረበትም። አብዛኞቹ አደረጉት። ከእነሱ የበለጠ ያገኘውን፣ በተለይም ሳይገባው አገኘ ያሉትን አቃጠሉበት።

«ሳይገባው» የምትለዋን ሐሳብ ልብ ማለት ያስፈልጋል። በጦርነት ሰሞን እያንዳንዱ ወገን ለዓመታት የሚሰማው ትርክት ይህ ነው፦ ያ ፋብሪካ በእኛ ድርሻ የተሠራ ነው፣ ያ ሆስፒታል የእኛ ልጆች ሲሞቱ የቆመ ነው። ትርክቱ እውነት ይሁን ውሸት ለጊዜው ለውጥ የለውም። ዋናው ነገር ሰባሪው ሲሰብር ፍትሕ ያደረገ ያህል እንዲሰማው ማድረጉ ነው።

የሥነ ልቦና ሊቁ ሲግመንድ ፍሮይድ ከዚህ ጠለቅ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1920 በሰው ልጅ ውስጥ የሞት ደመ ነፍስ አለ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በእሱ አባባል የማፍረስ ጉጉት እንደ ረኀብ አብሮን የተፈጠረ ነው። ሐሳቡ ብዙ ጸሐፍትን ማርኳል። ለትንታኔ ግን አይመችም። ጉጉቱ ሁልጊዜ ካለ ለምን በአንዱ ሳምንት ይፈነዳል፣ በሌላው አሥር ዓመት ይተኛል? ለዚህ መልስ የለውም። የሚቀጥለው ማብራሪያ የተሻለ ይመስለኛል።

ግርግር ለሌባ ይመቻል

በኮምቦልቻ በኩል ብዙ ሰው በአደባባይ ማንሣት የማይወደው ጉዳይ አለ። በኅዳር 2014 መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የዓለም ምግብ ፕሮግራም በደሴና በኮምቦልቻ የምግብ እደላ ማቆሙን አሳወቀ። ምክንያቱ የመጋዘኖቹ መዘረፍ ነው። በድርጅቱ መግለጫ መሠረት መጀመሪያ ጥቃቅን ስርቆት ነበር። ከዚያ ወደ ጅምላ ዝርፊያ አደገ። በዝርፊያው የትግራይ ኃይሎች አባላትና አንዳንድ የአካባቢው ነዋሪዎች መሳተፋቸው ተነግሯል።

የመጨረሻዋ ሐረግ ለሁለት ዓይነት ተናጋሪዎች መሣሪያ ሆናለች። አንዱ «እዩ፣ ራሳቸው ናቸው የዘረፉት» ይላል። ሌላው ጭራሽ አልሆነም ብሎ ይክዳል። ሁለቱም ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ አላዩም።

ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1978 የጻፈው ማብራሪያ እዚህ ላይ ይጠቅማል። መቶ ሰዎች በተሰበረ መጋዘን በር ፊት ቆመዋል እንበል። እያንዳንዱ ሰው የራሱ መነሻ ነጥብ አለው። አንዱ ማንም ሳይጀምር ይገባል። ሁለተኛው አንድ ሰው ሲገባ ካየ ይከተላል። ሦስተኛው ሁለት ሰው ማየት አለበት። እንዲህ እያለ እስከ መቶኛው ይቀጥላል። መቶኛው ዘጠና ዘጠኙ ገብተው ካላየ ዝንብ የማይነካ ጨዋ ነው። በዚህ ሁኔታ የመጀመሪያው ሰው ሲገባ መቶውም ተከታትሎ ይገባል።

አሁን አንድ ሰው ብቻ እንቀይር። ሁለተኛውን አንሥተን በቦታው «ሁለት ሰው ካላየሁ አልገባም» የሚል እናቁም። የመጀመሪያው ይገባል። ተከታይ የለም። ዝርፊያው በአንድ ሌባ ያበቃል። መቶው ሰው ያው መቶ ሰው ነው ማለት ይቻላል፤ የተለየው አንድ ብቻ ነው። ጋዜጣው ግን በመጀመሪያው ቀን «ሕዝቡ ዘረፈ»፣ በሁለተኛው «አንድ ሌባ ተያዘ» ብሎ ይጽፋል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የወል ዝርፊያ ስለ ሕዝቡ ጠባይ የሚነግረን ከምናስበው በጣም ያነሰ ነው። ስለ መጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ግን ብዙ ይነግረናል። ዘበኛው ነበር? የሰፈሩ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሞ ነበር? ጦሩ በሩን ከፍቶ «ውሰዱ» ብሎ ነበር? ሁለተኛ፣ መጨረሻ ላይ የገባው ሰው ራሱን ሌባ አድርጎ አያይም። «እኔ ብተወው ለማን ይተርፋል?» ይላል። ረኀብ ካለ ደግሞ ንግግሩ ይበልጥ ያሳምናል። ከተማው ተከቦ፣ ባንክ ተዘግቶ፣ ገበያ ጠፍቶ ባለበት ሳምንት ዱቄት ተሸክሞ የወጣ ሰውና ሆን ብሎ ማሽን የሰበረ ሰው አንድ መዝገብ ላይ ሊጻፉ አይገባም።

ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጎረቤት ጎረቤቱ ምን ተሸክሞ እንደገባ አይቷል። በአንድ ቅሬ (እድር) የሚቀባበሩ፣ በሠርግ በሐዘን የማይለያዩ ሰዎች ናቸው። መጋዘኑ እንደገና በእህል ይሞላል። በጎረቤታሞቹ መካከል የጎደለው መተማመን ግን በምን ይሞላል? የጉዳት ዝርዝር ውስጥ መደብ የለውም።

የተዘረፈና የተቃጠለ

ዝርፊያና ቃጠሎ በወሬ ላይ አብረው ይጠራሉ። ውጤታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ለዚህ ከመቅደላ የተሻለ ምስክር የለም። እሷም እዚሁ ደቡብ ወሎ ውስጥ ናት።

አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ጎንደርን ዘርፈው አቃጠሉ። የአብያተ ክርስቲያናቱን የብራና መጻሕፍት ግን አላቃጠሉም። መቅደላ ላይ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አስጫኗቸው። በሚያዝያ 1860 ደግሞ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ። ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ። ወታደሩ ያገኘውን ሁሉ ዘረፈ። ምርኮውን ለመጫን 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ ከጦሩ ጋር የመጣ ሪቻርድ ሆምዝ የሚባል ሰው ነበር። ዓይኑ በመጻሕፍቱ ላይ ነበር። ከዚያ የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ናፒየር አምባውን አስቃጥሎ ሄደ።

ዛሬ ከ300 በላይ የመቅደላ መጻሕፍት ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ሁለት ጊዜ የተዘረፉ ናቸው። ግን አሉ። አምባው ላይ የቀረውና የተቃጠለው ግን የለም። የአክሱም ሐውልትም እንዲሁ ነው። ጣልያን በ1929 ወሰደው፣ በ1997 ተመለሰ። የተዘረፈ ዕቃ ክርክር አለው፣ ጠበቃ አለው፣ የመመለስ ተስፋ አለው። አመድ ግን ጠበቃ የለውም።

ይህን ዘራፊውን ለማመስገን የሚያነሡት አሉ፤ «ባይወስዱት ኖሮ ይጠፋ ነበር» የሚሉ። ክርክሩ አይቆምም። ወሳጁና አቃጣዩ አንድ ጦር ነውና። ከእሳት ያተረፈው ቢኖር ራሱ ከለኮሰው እሳት ነው። ለደሴ ሙዚየም ግን ከመቅደላ የሚገኝ ተግባራዊ ትምህርት አለ። የጠፋው ዕቃ ፎቶና መለኪያ ካለው ዓለም አቀፍ የጨረታ ቤት ላይ ብቅ ሲል ማስቆም ይቻላል። ከሌለው የራስን ዕቃ ለይቶ ማሳየት እንኳ ያስቸግራል።

የፈረሰው የሚኖርበት

ሥነ ጽሑፍ ከጥፋት ጋር ያለው ወዳጅነት አሮጌ ነው። በሰሞነ ሕማማት የሚነበበው ሰቆቃወ ኤርምያስ የኢየሩሳሌምን መፍረስ የሚያለቅስ ነው። ከአምስቱ ምዕራፎች አራቱ በዕብራይስጡ ከፊደሉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራ የሚሄዱ ናቸው። ከተማው ድብልቅልቁ ወጥቶ ሳለ ገጣሚው ልቅሶውን በፊደል ተራ አሰናዳ። ሥርዓት የቀረው እዚያ ብቻ ይመስላል።

ወደ ወሎ ስንመጣ ነገሩ እንግዳ መልክ ይይዛል። መካነ ሥላሴ በቤተ አማራ ምድር የነበረ፣ አፄ ናዖድ ጀምረውት አፄ ልብነ ድንግል ያስጨረሱት ቤተ ክርስቲያን ነው። የኢማም አሕመድ ጦር እ.ኤ.አ. በ1531 አቃጠለው። ስለ ውበቱ ብዙ የነገረን ማን ነው? ዐረብ ፈቂህ በሚል ስም የሚታወቀው የኢማሙ ዘመቻ ታሪክ ጸሐፊ። ኢማሙ በወርቁና በሥዕሉ ተደንቀው በቢዛንታይን («ሩም») ምድር ሆነ በህንድ እንዲህ ያለ አለ ወይ ብለው አብረዋቸው የነበሩትን ዐረቦች እንደጠየቁ፣ እነሱም አላየንም ብለው እንደመለሱ ጽፏል። ከዚያ ወርቁ ተላጠ፤ ሕንፃው ተለኮሰ። ሕንፃው ዛሬ የሚኖረው በአፍራሹ ወገን መጽሐፍ ውስጥ ነው።

በሌላው አቅጣጫም ቁስል አለ። በ1870 ከተካሄደው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ተገደዱ። ቦሩ ሜዳ ከደሴ አፍንጫ ሥር ነው። ከተቃወሙት አንዱ ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ነበሩ። በዐረብኛ ፊደል፣ በአማርኛ ቋንቋ ግጥም ጽፈዋል። ይህ የአጻጻፍ ስልት «ዐጀሚ» ይባላል። የወሎ የዒልም (የእስልምና ትምህርት) ቤቶች በዚህ ሀብታም ናቸው። ብዙው ግን በእጅ የተገለበጠ፣ በአንድ ቤት ሣጥን ውስጥ ያለ ወረቀት ነው።

ከተማ ይመለሳል

ደሴ መደብደብ የጀመረችው በ2014 አይደለም። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣልያን አውሮፕላኖች ቦምብ ጣሉባት። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከተማው ውስጥ ነበሩ። ቀይ መስቀል የተሰቀለበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። የውጭ ጋዜጠኞች ስለነበሩ ወሬው በዓለም ተሰማ። ሚያዝያ 7 ቀን ጣልያን ደሴ ገባ። አምስት ዓመት ተቀመጠ። በሚያዝያ 1933 ወጣ። ከተማዋ ግን እያደገች ቀጠለች።

ይህ የደሴ ልዩ ተአምር አይደለም። የጃፓን ከተሞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተደበደቡ በኋላ የሕዝብ ብዛታቸው ምን እንደሆነ ያጠኑ ምሁራን አሉ። በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ አብዛኞቹ ባይደበደቡ ኖሮ ይደርሱበት ወደነበረው ልክ ተመልሰዋል። ሕንፃ ቢፈርስም መንገዱ የሚገናኝበት ቦታ አይፈርስም። ኮምቦልቻ ከአዲስ አበባ ወደ መቐለ የሚወስደው መንገድ ላይ ናት። በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ወደቡ የሚወርደውም መንገድ ከእሷ ይነሣል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 እዚያ የተመረቀው በዚሁ ነው። ማሽን ቢሰበር ቦታዋ አልተሰበረም። የሠራተኛው ሙያም በጭንቅላቱ ውስጥ አለ። የዓለም ባንክ በሚያዝያ 2014 በግጭት ለተጎዱ አካባቢዎች 300 ሚሊዮን ዶላር ሲያጸድቅ፣ ገንዘቡ የሚሠራው እንዲህ ያሉ መሠረቶች ካሉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ስሌት አብሮ ይሰማል። «እንኳንም ወደመ፣ አዲስ ማሽን ገባ» የሚል። ፈረንሳዊው የኢኮኖሚ ጸሐፊ ፍሬዴሪክ ባስቲያ እ.ኤ.አ. በ1850 ለዚህ ያዘጋጀው መልስ አለ። የተሰበረ መስኮት መስታወት ሠሪውን ሥራ ያስገኝለታል። ባለቤቱ ግን በዚያ ገንዘብ ጫማ ሊገዛ ነበር። ጫማ ሠሪው ያጣውን ማንም አያየውም። የፋብሪካው አዲስ ማሽንም እንዲሁ ነው። በዚያ ገንዘብ ሁለተኛ ፋብሪካ ሊከፈትበት ይችል ነበር።

ቅጂ የሌለው

አሁን ወደ ሆስፒታሉ እንመለስ። አልጋ ይገዛል። ኤክስሬይ ይገዛል፤ ውድ ነው፣ ግን አምራች አለው፣ ዋጋ አለው፣ ለጋሽ አለው። የካርድ ክፍሉስ? ካርድ ማለት በወፍራም ወረቀት የታጠፈ፣ ቁጥር የተጻፈበት ማኅደር ነው። ውስጡ የአንዲት የደም ግፊት ታማሚ የዓመታት ልኬት አለ። የትኛው መድኃኒት እንዳሳበጣት፣ የትኛው እንደተስማማት ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ ለማንበብ ያስቸግራል። ግን አንድ ብቻ ነው። ቢጠፋ ሐኪሙ ከዜሮ ይጀምራል፤ ያሳበጣትን መድኃኒትም መልሶ ሊያዝላት ይችላል። በጉዳት ዝርዝር ላይ ይህ ካርድ ዋጋው የወረቀቱ ዋጋ ነው።

የቀበሌና የማዘጋጃ ቤት ፋይልም እንዲሁ። የይዞታ ማረጋገጫ፣ የድሮ የግብር ደረሰኝ፣ የውርስ ወረቀት፣ በእጅ የተሳለ ንድፍ። ጦርነት የነካው መሥሪያ ቤት ሁሉ ወለሉ በወረቀት ተነጥፎ ይገኛል። ወታደር ፋይል አያነብም። ለማብሰያ እሳት ያነድደዋል ወይም መሳቢያውን ሲፈትሽ ይበትነዋል። እዚህ ላይ ክፋት እንኳ አያስፈልግም። ግድ የለሽነት ይበቃል።

ቅጂ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ መሄድ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ የሚጠራ፣ በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተጻፈ ወንጌል አለው። ስንት ዘመቻ ባጠገቡ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የመቅዳት ሥራ ተጀመረ። ማይክሮፊልም ማለት ገጾችን አሳንሶ በፊልም ላይ ማንሣት ነው። ይህም ወንጌል ተቀዳ። ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ተቀምጧል። ደግ ሆኖ መጽሐፉ ራሱም አለ። ባይኖር ግን እያንዳንዱን ቃል ማንበብ በተቻለ ነበር። በየሣጥኑ ላሉት የዐጀሚ ወረቀቶች ያው ሥራ በስልክ ካሜራም ይጀመራል።

ሕግ በዚህ ነገር ዝም አላለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በጦርነት ጊዜ የሚፈጸም ዝርፊያን ለይቶ ይቀጣል። ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 በማሊ የቲምቡክቱን መካነ መቃብሮች ባስፈረሰው በአል ማህዲ ላይ የዘጠኝ ዓመት እስራት ፈርዷል፤ ኢትዮጵያ ግን የፍርድ ቤቱ አባል አይደለችም። እዚህ ያለው ተስፋ በሚያዝያ 2016 የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ነው። ችግሩ ማስረጃ ነው። ፋይል ተቃጠለ ብሎ ለመክሰስ ፋይሉ እንደነበር የሚያሳይ መዝገብ ያስፈልጋል። መዝገቡም ብዙ ጊዜ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር።

ዶዘሩስ?

የኮሪደር ልማቱን ከጦርነት ጋር ማወዳደር ሚዛናዊ አይደለም የሚሉ ሰዎች ትክክል ናቸው። ዓላማው ሌላ ነው። መንገድ ይሰፋል፣ ፍሳሽ ይቀበራል፣ መብራት ይተከላል። ደሴን ክረምት ላይ ያየ ሰው የፍሳሽ ጉዳይ ቅንጦት እንዳልሆነ ያውቃል። ደጋፊዎች የኢኮኖሚክስ ሊቁ ጆሴፍ ሹምፔተር እ.ኤ.አ. በ1942 ያስተዋወቀውን «ክሪዬቲቭ ዲስትራክሽን» ይጠቅሳሉ። «ፈጣሪ ውድመት» ብንለው ያስኬዳል። አዲሱ እንዲመጣ አሮጌው ይፈርሳል የሚል ነው። ሹምፔተር ያወራው ግን በገበያ ውድድር ስለሚሸነፍ ድርጅትና ቴክኖሎጂ ነው። በደብዳቤ ስለሚፈርስ ቤት አልነበረም። በገበያው አዲሱ አሮጌውን የሚጥለው የተሻለ ሆኖ ከተገኘ በኋላ ነው። በዶዘሩ አሮጌው የሚወድቀው አዲሱ ከመታየቱ በፊት ነው።

ተቃዋሚዎችም የሚያጋንኑት አለ። አሮጌ ሁሉ ቅርስ አይደለም። ፒያሳም ሆነ አራዳ ላይ ያለ እያንዳንዱ የጭቃ ግድግዳ ታሪክ አይናገርም። የሚናገረውን ለመለየት ግን ከመፍረሱ በፊት ፎቶ ማንሣት፣ መለካትና ባለቤቱን መጠየቅ ይገባል። ለአንድ ቤት የሁለት ሰው የአንድ ቀን ሥራ ነው። የግንባታውን ወጪ ያየ ይህን ወጪ ብሎ አይጠራውም።

ከቅርሱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የባለይዞታው ጉዳይ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለሕዝብ ጥቅም መሬቱ ለሚወሰድበት ሕጋዊ ባለይዞታ ካሳ ይፈቅዳል። ባለይዞታ መሆኑን የሚያሳየው ወረቀት ነው። ማኅደሩ በ2014 የተበተነበት ሰው ዛሬ ወደ ካሳ ኮሚቴ ሲሄድ የሚቀረው ማስረጃ ጎረቤት ነው። «ከአባቱ ጀምሮ እዚህ ነው የኖረው» የሚሉ ሦስት አራት የቅሬው ሰዎች። አፍራሹ መርሐ ግብር ደግሞ እነዚያኑ ጎረቤቶች አንዱን ወደ አንዱ ዳር፣ ሌላውን ወደ ሌላው ዳር ያዛውራል። ምስክርነታቸው ሳይበተኑ፣ ቤቱም ሳይፈርስ በጽሑፍ ካልተያዘ በሚቀጥለው ዓመት ምስክሮቹን ፈልጎ ማሰባሰብ የባለይዞታው ዕዳ ይሆናል።